ዛንዚባር ለጫጉላ፦ ፓጄ ወይስ ኬንድዋ? መጀመሪያ ጨረቃዋን እይ

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ጥር መጨረሻ ሰርጋችሁ ነው፣ ለጫጉላ 7 ቀን ዛንዚባር ልትሄዱ አስባችኋል፣ ፓጄ ላይ ፎቶው ያማረ ሆቴል አግኝታችሁ ልትይዙ ስትሉ አንድ ጓደኛችሁ "ፓጄ ባህር የለውም፣ ኑንግዊ ሂዱ" ብሎ ግራ አጋባችሁ። ሙሽሪት ዋና አትችልም፣ አንተ ላንጋኖና ሆቴል ፑል ውስጥ ትዋኛለህ። በ7 ቀን ስንት ቢች ብናይ ጥሩ ነው፣ የትኞቹንስ ነው ያልከው።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ ወንድሜ። እኔ ስራዬ እዛው ደሴቱ ላይ ዳይቪንግ ማስተማርና ሰው በጀልባ ማውጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለና ወደ ሶስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ የኛ ሙሽሮች በብዛት ይመጣሉ፣ እና አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ "የትኛው ቢች ነው የሚያምረው" ብለው ነው። ሁሉም ያምራል እኮ! አሸዋው በየትም ነጭ ነው፣ ውሃው በየትም ሰማያዊ ነው። መጠየቅ ያለበት "መዋኘት በምንፈልግበት ሰዓት ውሃው የት ነው ያለው" የሚለው ነው። ጓደኛችሁም ልክ ነው ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። ፓጄ ባህር አለው፣ ቀኑን ሙሉ ግን እዛው አይቀመጥም።

ይሄ ነገር ከገባህ ሆቴሉን ራስህ መምረጥ ስለምትችል ከስሩ ልንገርህ። ላንጋኖ ላይ ጠዋት እግርህን የነከርክበት ቦታ ማታ ብትመለስም ውሃው እዛው ነው። ህንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ በዛ ላይ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ወደፊት ይገፋል። ይሄን ታይድ ይሉታል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፣ ዛንዚባር ላይ በዛን ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይወርዳል። 4 ሜትር ማለት ከአንድ ፎቅ ይበልጣል። አሁን አስበው፣ ባህሩ ዳር መሬቱ ቁልቁል ከሆነ ውሃው 4 ሜትር ቢወርድም ካንተ የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ነው። መሬቱ እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ከሆነ ግን ያው 4 ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ከዛም በላይ ይዞት ይሄዳል።

የምስራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማተምዌ፣ ሁሉም ለጥ ያለ ነው። ከባህሩ ዳር ራቅ ብሎ የኮራል ሪፍ የሚሉት የባህር ውስጥ አለት እንደ አጥር ቆሟል፣ በአጥሩና በአሸዋው መሀል ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ አለ፣ ሲጎድል ይሄ ነው የሚደርቀው። ሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ደግሞ ቶሎ ቁልቁል ስለሚወርዱ በጉድለትም ቢሆን ጥቂት ሄደህ ትዋኛለህ። የሆቴል ፎቶ ሁሉ የሚነሳው ባህሩ ሲሞላ ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን ተወውና ስልክህ ላይ ካርታውን በሳተላይት ክፈት። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ነጭ የአረፋ መስመር ፈልግ፣ ማዕበሉ ሪፉ ላይ የሚሰበርበት ነው። ያ መስመር ከአሸዋው ሩቅ ከሆነና መሀሉ ፈዛዛ፣ ቡኒ ቡኒ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ውሃው ይሸሻል ማለት ነው። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ወደ አሸዋው ተጠግቶ ከመጣ አይሸሽም። ይሄ ሞምባሳም ዲያኒም ብትሄድ ይሰራልሃል፣ ባህሩ አንድ ነው።

ግን ፓጄን ሰርዝ አልልህም፣ እንደውም እንዳትሰርዘው። ውሃው የሸሸ ጊዜ ምስራቁ ላይ የምታየውን ሰሜን ላይ አታገኘውም። ጃምቢያኒ ላይ ጠዋት ወጥተህ ብታይ ባህሩ የነበረበት ቦታ ሰፊ እርጥብ ሜዳ ሆኖ፣ መሀል መሀሉ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ የተኛባቸው ኩሬዎች ቀርተው፣ ሴቶቹ በቡድን በቡድን እየሆኑ ካንጋ የሚሉትን ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ አስረው ወደ ማሳቸው ሲሄዱ ታያለህ። ማሳ ስልህ እውነተኛ ማሳ ነው፣ ምዋኒ ይሉታል፣ የባህር ሳር። እንጨት ሁለት ረድፍ ይተክሉና በመሀሉ ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ ትናንሽ የሳሩን ቁራጮች እንደ ዶቃ እየደረደሩ በቀጭን ክር ያስራሉ፣ ባህሩ ሲመለስ ማሳው ይሸፈናል፣ ሲሸሽ ተመልሰው ይሰበስባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የብዙ ቤት ገቢ ይሄ ነው፣ ሳሩ ደርቆ ውጭ ይላካል፣ ከሱ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። አንዷ እናት ቁጭ አድርጋ እንዴት እንደሚታሰር አሳይታኛለች፣ ክሩን በጣቷ አንዴ ጠምዝዛ ስባ ትጨርሳለች፣ እኔ አንዱን እስካስር እሷ አንድ ክንድ ሙሉ ደርድራ ነበር። ማሳው መሀል ስትሄዱ ገመዱን አትርገጡ፣ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁም ጠይቁ፣ ስራ ላይ ናቸው።

እና ደግሞ ለሙሽሪት፣ ዋና ለማትችል ሰው፣ የምስራቁ ውሃ በትክክለኛው ሰዓት ከገባችበት ከሁሉም ይሻላል። ሪፉ ትልቁን ማዕበል ውጭ ያስቀረዋል፣ ውስጡ ረጋ ያለ ነው፣ ባህሩ ግማሽ ሲሞላ እስከ ወገብ የሚደርስ ሞቅ ያለ ውሃ በሰፊው ታገኛለች። ጨው ያለው ውሃ ደግሞ ሰው ያንሳፍፋል፣ ላንጋኖ ላይ በጀርባዋ መንሳፈፍ ያቃታት ሰው እዚህ በአንድ ከሰዓት ሊሆንላት ይችላል። ዋናው ነገር እየሞላ ባለበት ሰዓት መግባት ነው፣ ውሃው ወደ ዳር ነው የሚገፋህ። እየጎደለ ባለበት ሰዓት ግን ያ ሁሉ ውሃ በሪፉ ክፍተቶች በኩል ነው የሚወጣው፣ ክፍተቱ አጠገብ የሚስብ ሀይል አለ፣ ዋና የሚችልም ሰው ይወስዳል። ሳታውቁ እንዳትገቡ የባህሩን ዳር ሰው ጠይቁ፣ "ማጂ ያናጃአ አው ያናኩፕዋ?" በሉት፣ ውሃው እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ ማለት ነው፣ ህፃን ልጅ እንኳን ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገርህ። የመጀመሪያ አመቴ ላይ ሁለት እንግዶች ይዤ በጉድለት ጊዜ በእግር ወደ ሪፉ ሄድኩ፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ኮከብ ዓሳ ምናምን እያየን ቆየን። ውሃው ሲመለስ ከፊት ለፊት እንደሚመጣ ነበር የማስበው፣ እሱ ግን መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላህ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ስንዞር በኛና በአሸዋው መሀል ቦይ ተሰርቷል። ደረታችን ድረስ ሆኖ ነው የተሻገርነው፣ አንደኛዋ ዋና አትችልም ነበር፣ እጇ እጄን እንዴት እንደጨመቀው እስካሁን ይሰማኛል። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁሌም ጉድለቱ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ከመድረሱ በፊት እንወጣለን፣ ዝቅታው ላይ ሲደርስ ደግሞ ፊታችንን ወደ ዳር እናዞራለን። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ሪፉ ድረስ አትሂዱ።

እሺ፣ ወደ ፕላኑ ልምጣ። በ7 ቀን አምስት ቢች ልያዝ ብትል ግማሹ ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል። ደሴቱ ካርታ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን ኑንግዊ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፣ ፓጄም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ቦታ ማደር ይበቃችኋል፣ አንድ ሰሜን አንድ ምስራቅ፣ የቀረውን በቀን ጉዞ ታዩታላችሁ። ለናንተ ኬንድዋ 4 ሌሊት፣ ፓጄና ጃምቢያኒ መሀል 3 ሌሊት ብላችሁ ብትከፍሉት ነው የምመክረው። የትኛው ይቅደም ለሚለው ነው ጨረቃዋን እይ ያልኩህ።

ዛንዚባር ላይ ሰዓቱ በጣም ይገርማል፣ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን ትልቁ ጉድለት ሁሌም ከጠዋቱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ነው የሚወድቀው፣ ትልቁ ሙላት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። ማለትም ቁርስ በልታችሁ ለዋና ስትወጡ ፓጄ ላይ ባህሩ የለም። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ጠዋት ይሞላል፣ ከሰዓት ይጎድላል፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል ርቆ አይሸሽም። ስለዚህ ግማሽ ጨረቃዋ የምትውልበትን ጊዜ ምስራቁ ላይ አድርጉ፣ ሙሉዋን ወይም አዲሷን ሰሜን ላይ። ከሙሉ እስከ ግማሽ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሆነ 7 ቀናችሁ ውስጥ ሁለቱንም ትነካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ማስተካከል ነው። ደስ የሚለው ደግሞ እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ጀልባ ነጂው "ሳአ ንኔ" ካለህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ፈረንጆቹ እዚህ ጋ ግራ ሲጋቡ አንተ ወዲያው ይገባሃል። ስልክ ላይ የምታወርደው የታይድ ሰንጠረዥ ግን 10:00 ብሎ ስለሚፅፍ እሱን ወደኛ ቀይረው።

ለምን ኑንግዊ ሳይሆን ኬንድዋ? ሁለቱ በእግር የሚያስኬዱ ጎረቤቶች ናቸው። ኑንግዊ ሞቅ ያለ ነው፣ ጀልባ ሰሪዎቹ ዛሬም ባህሩ ዳር ዳው የሚሏትን የእንጨት ጀልባ በእጅ ሲጠርቡ ታያላችሁ፣ ለአንድ ከሰዓት ሂዱና እዩት። ግን ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በሙላት ሰዓት ኑንግዊ ላይ አንዳንድ ቦታ አሸዋው በሙሉ ይሸፈንና ውሃው የሆቴሉን ግንብ ነው የሚመታው፣ መሄጃ ታጣላችሁ። ኬንድዋ አሸዋው ሰፊ ነው፣ በዛ ላይ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሀይ ባህሩ ውስጥ ስትገባ ይታያል። ጥር ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ካስካዚ ይባላል፣ ከሰሜን ምስራቅ ነው የሚመጣው፣ ኬንድዋ ለሱ ጀርባውን ስለሰጠ ውሃው የተረጋጋ ነው፣ ማተምዌና የኑንግዊ ምስራቃዊ በኩል ግን ንፋሱንም የተጣለ የባህር ሳሩንም ይቀበላሉ። ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ባለው ቅዳሜ ኬንድዋ ላይ እስከ ንጋት የሚሄድ ትልቅ ድግስ አለ፣ ከወደዳችሁት ጥሩ፣ እንቅልፍ ካማራችሁ ግን ራቅ ያለ ክፍል ጠይቁ።

ፓጄ ላይ ደግሞ ያው ንፋስ የካይት፣ ማለትም በንፋስ ሸራ እየተጎተቱ ውሃ ላይ በሰሌዳ የመንሸራተት ሰሞን ነው፣ መሀል ቢቹ ላይ ካይት በብዛት ይወጣል፣ ገመዱ እንደ ምላጭ ነው፣ ዋና የማትችል ሰው ውሃ ውስጥ ሆና ቶሎ መሸሽ ስለማትችል ማረፊያችሁን ከመሀል ፓጄ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጃምቢያኒ ጠጋ አድርጉት። ያያችሁት ሆቴል እዛ ጋ ከሆነ ያዙት፣ መሀል ከሆነም ለ3 ሌሊት ችግር የለውም፣ ለዋና ብቻ በእግር ወደ ደቡብ ሂዱ። ሆቴሉ ፑል ያለው ይሁን፣ ለሷ ስል ነው፣ ውሃው በሸሸበት ሰዓት መለማመጃ ይሆናታል። ጃምቢያኒ ላይ ኩዛ የሚባል ዋሻ አለ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው፣ ባህሩ የሸሸበትን ሰዓት እዛ ማሳለፍም ይቻላል።

የቀን ጉዞ በተመለከተ፣ ከስቶን ታውን በጀልባ ትንሽ ሄዳችሁ ናኩፔንዳ የሚባል የአሸዋ ደለል አለ፣ ስሙ በስዋሂሊ "እወድሻለሁ" ማለት ነው፣ ለሙሽራ ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ባህሩ ሲሞላ ጭራሽ ይጠፋል፣ ሲጎድል መሀል ባህር ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ ሙሉ ወይም አዲስ ጨረቃ ሰሞን ጠዋት ነው የሚኬደው፣ ያ ጉድለት ምስራቁ ላይ የሚያናድደው እዚህ ጋ ስጦታ ነው። ከዛው ቻንጉ ደሴት ጎራ ብትሉ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሼልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች አሉ። ስቶን ታውን ፊት ለፊት ያለው ቢች ላይ ግን አትዋኙ፣ ወደብ ነው፣ የከተማው ፍሳሽም ወደዛው ይወርዳል። ከተማውን ራሱን ግን አንድ ከሰዓት ስጡት፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባህር ዳር መናፈሻ ላይ የሚጠበሰው ነገር ለብቻው ያስመጣል።

ምኔምባ ሁሉም ጉዞ ሻጭ የሚያቀርብላችሁ ነው። ደሴቷ የግል ናት፣ መውረድ አይቻልም፣ የሚሸጠው ዙሪያዋ ያለው ሪፍ ላይ ስኖርክል ማድረግ፣ ማለትም በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሳ ማየት ነው። ዓሳው በእውነት ያምራል ግን ረፋድ ላይ ጀልባው ይበዛል፣ ማልዶ የሚወጣ ጀልባ ፈልጉ። ለሷ ላይፍ ጃኬት በልኳ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አልብሳችሁ እዩ፣ ውሃ ውስጥ ስትገባ ወደ ጆሮዋ የሚወጣ ጃኬት ጃኬት አይደለም። ኪዚምካዚ ያለውን የዶልፊን ጉዞ ግን እኔ አልሸጥም፣ እናንተም ባትገዙ ደስ ይለኛል፣ ጀልባዎች ተደርበው እንስሳቱን እያሳደዱ ሰው አናታቸው ላይ ሲጥሉ አይቻለሁ፣ ማረፍ አይችሉም። ሚቻምቪ ካኤ የሚባለው ቦታ ደግሞ ምስራቅ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚያይ ብቸኛ ነገር ስለሆነ ከፓጄ ሆናችሁ አንድ ቀን ለጀንበር መጥለቂያ ሂዱ፣ በመንገዳችሁ ፒንግዌ ጋ ድንጋይ ላይ የተሰራውን ምግብ ቤት ታያላችሁ፣ ሲጎድል በእግር ሲሞላ በጀልባ ነው የሚገባበት።

እግራችሁን ተጠንቀቁ። የባህር ጃርት አለ፣ ጥቁር እሾህ ያለው፣ ድንጋይና የባህር ሳር ያለበት ቦታ ይበዛል። ከአዲስ አበባ ሳትወጡ የውሃ ጫማ ግዙ፣ ሰንደል አይሆንም፣ ሶሉ ወፈር ያለ። ከወጋችሁ የማያቃጥል ግን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እግራችሁን አስቀምጡ፣ ህመሙን ያስታግሳል፣ የወጣውን እሾህ በወረንጦ ሳቡ፣ የተሰበረውን በግድ አትቆፍሩት፣ ካበጠ ክሊኒክ። ፀሀይን በተመለከተ "እኛን አያቃጥለንም" የሚል አለ፣ ያቃጥላል! ስኖርክል ስታደርጉ ጀርባችሁ ለሁለት ሰዓት ወደ ላይ ነው፣ ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ፣ ሽሩባ ከተሰራች ፀጉሯ የተከፈለበት የጭንቅላቷ ቆዳ ላይ ሳንስክሪን ትቀባ።

ጥር መጨረሻ ብላችኋልና ወቅታችሁ ጥሩ ነው፣ ይሞቃል ግን ደረቅ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ከተዛወረ ግን ፃፍልኝ፣ ምክንያቱም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፣ የኛ የሰርግ ሰሞን ልክ እሱ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ የምሰጥህ ምክር ሌላ ነው። ረመዳን ከገባ ደግሞ ቀን ላይ መንደር ውስጥ አትብሉ አትጠጡ፣ በሌላው ጊዜም ቢሆን ከቢቹ ወጥታችሁ መንደርና ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ያለ ልብስ ልበሱ፣ ሰዉ ምንም ላይላችሁ ይችላል ግን ይከፋዋል። የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ፣ ከኢትዮጵያ ሲገባ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባር የራሱ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይከፈላል።

አንተ ዳይቪንግ ልሞክር ካልክ መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አድርገው፣ መጨረሻው ላይ እንዳታስቀምጠው። ጠልቀህ ከወጣህ በኋላ ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ቀስ እያለ መውጣት አለበት፣ ከአንድ በላይ ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበር መቆየት አለብህ። የኛ ነገር ደግሞ ከሌላው ይለያል፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሌላው ሰው ወደ ባህር ጠለል ይወርዳል፣ አንተ የምታርፈው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ እዛው አየር ላይ እንደቀረህ ቁጠረው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ለአሸዋውና ለስቶን ታውን ተውት። የሰርጋችሁን ቀንና የበረራችሁን ቀን ላክልኝ፣ ሰንጠረዡን አይቼ ኬንድዋ ይቅደም ወይስ ጃምቢያኒ፣ ናኩፔንዳስ በየትኛው ጠዋት እንደሚሆን ቀን በቀን ፅፌ እመልስልሃለሁ።